የእማዬ በርበሬ ቆላ ሲወርድ

ጥያቄው፦ «ጤና ይስጥልኝ። ተወልጄ ያደግሁት ደብረ ብርሃን ነው። ባለፈው ዓመት ትዳር ይዤ ሸዋ ሮቢት ገባሁ። እማዬ 8 ኪሎ በርበሬ፣ ሽሮ፣ ትንሽ ሚጥሚጣና ንጥር ቅቤ አዘጋጅታ ላከችልኝ። ሁሉንም እሷ እንደምታደርገው በፌስታል አስሬ ባልዲ ውስጥ ከደንኩት። አምስት ወር ሳይሞላ በርበሬው ውስጥ ጥቃቅን ቡናማ ነቀዝ አየሁ። ቀለሙም እንደ ድሮው አይደለም። ቅቤው መከርፋት ጀምሯል። ለእማዬ ብነግራት ‹አያያዝ አታውቂም› አለችኝ። እሷ ቤት እኮ ዓመት ይቆያል! ጥፋቱ የኔ ነው? የነቀዘውን ልጣለው? ሁሉንም ፍሪጅ ላስገባ እንዳልል ፍሪጃችን ትንሽ ናት፤ መብራትም ይጠፋል። አዋዜና ሰናፍጭስ እንዴት ላቆይ?»

እህቴ፣ አንቺም አላጠፋሽ፣ እናትሽም አልተሳሳተች። የተቀየረው አገሩ ነው።

ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ጣርማ በርን በዋሻው አልፈሽ ወደ ደብረ ሲና ስትወርጂ ጋቢሽን ታወልቂያለሽ። በርበሬው ግን የሚያወልቀው ጋቢ የለውም። በፌስታል እንደታሰረ፣ መቶ ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ፣ ከደጋ ቆላ ገባ።

እናትሽ ቤት ጓዳው ብዙውን ቀን ከ20 ዲግሪ አይዘልም። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ደግሞ ሌሊቱ ውርጭ ነው። ሸዋ ሮቢት ሞቃቱ ወራት ሲገባ ቀኑ ከ30 ዲግሪ ያልፋል። ቆርቆሮ ሥር ያለ መደርደሪያ ከዚያም ይብሳል። በሙያችን አንድ ግምታዊ ስሌት አለን። ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ምግብ የሚበላሽበት ፍጥነት እጥፍ ገደማ ይሆናል። እናትሽ ዘንድ ዓመት የሚቆይ በርበሬ አንቺ ዘንድ ስድስት ወር ከቆየ ደግ ነው። ለእናትሽ በርበሬውን የሚጠብቅላት ብርዱ ነበር። አንቺ ዘንድ ያ ዘበኛ የለም።

መጀመሪያ ስለ ነቀዙ።

ያየሻት ነገር የሲጋራ ጥንዚዛ የምትባለዋ ሳትሆን አትቀርም። ስሟ የመጣው የተከማቸ ትምባሆ ስለምታጠቃ ነው። ትምባሆ ያልመረራት በርበሬ ያቃጥላታል ብለሽ አትጠብቂ። ከሩዝ ፍሬ ታንሳለች፤ ቡናማ፣ ጎበጥ ያለች ናት። በ30 ዲግሪ አካባቢ ከእንቁላል ተነሥታ ጥንዚዛ ለመሆን አንድ ወር ገደማ ይበቃታል። 20 ዲግሪ ላይ ሦስትና አራት ወር ይፈጅባታል። ከዚያ በታች ሲሆን ከነጭርሱ ለመራባት ያዳግታታል።

ስለዚህ እውነቱን ልንገርሽ። እንቁላሉ ከእናትሽ ቤት ተጭኖ መጥቶ ሊሆን ይችላል። ከገበያ ከዛላው ጋር ገብቶ ይሆናል። ወይ ከቅመማ ቅመሙ፣ ወይ ከወፍጮ ቤቱ። እናትሽ ጓዳ ውስጥ ብርዱ አስተኝቶት ነበር። አንቺ ዘንድ ሲደርስ ነቃ። ይሄን ለእናትሽ ስትነግሪያት ቀስ ብለሽ ይሁን እንጂ! «የኔ ቤት በርበሬ ነቀዝ አለበት ነው የምትዪኝ?» ካለች እኔ የለሁበትም።

አሁን የቀረውን ዘርግተሽ እዪው። እዚህም እዚያም ጥቂት ነቀዝ ብቻ ከሆነ አትጣዪው። በወንፊት ንፊው። ከዚያ አንድ አንድ ኪሎ አድርገሽ በወፍራም ፕላስቲክ አጥብቀሽ እሰሪና የፍሪጁ በረዶ ቤት ውስጥ አስገቢው። በረዶ ቤቱ በደንብ የሚያቀዘቅዝ፣ ማለትም ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ የሚደርስ ከሆነ አንድ ሳምንት ይበቃል። የትንሽ ፍሪጅ በረዶ ቤት ግን አብዛኛውን ጊዜ እዚያ አይደርስም። ለእሱ ሁለት ሦስት ሳምንት ስጪው። አንዱን ኪሎ አውጥተሽ ሌላውን ታስገቢያለሽ። እንቁላሉም ትሉም ይሞታል። ወንፊት ብቻውን ጥንዚዛዋን እንጂ እንቁላሏን አያወጣም።

ብዙዎች በርበሬውን ፀሐይ ላይ ያሰጡታል። ጥንዚዛዋ ሙቀቱን ሸሽታ ስትበር ስታዪ የተገላገልሽ ይመስልሻል። እንቁላሉ ግን እዚያው ነው። በዚያ ላይ ፀሐዩ ቀለሙን ይበላዋል። የተፈጨ በርበሬ ፀሐይ ላይ ማስጣት እኔ አልመክርም። ዛላውን በደንብ ማድረቅ ነው እንጂ፣ ከተፈጨ በኋላ ፀሐይ ጠላቱ ነው።

በርበሬው በድር ከተያያዘ፣ ዱቄቱ ከተጓጎለ፣ ወይም የሚከረፋ ሽታ ካለው ግን ጣዪው። ያኔ ያለው ነቀዝ ብቻ አይደለም፤ ኩሱም፣ ርጥበቱም አለ። 

ቀለሙን በተመለከተ። የበርበሬ ቅላት ካሮትን ብርቱካንማ ከሚያደርገው ቀለም ጋር ዘመዳሞች ከሆኑ ንጥረ ነገሮች ይመጣል። እነዚህ ብርሃንና አየር አይወዱም። የሚያቃጥለው ነገር፣ ካፕሳይሲን የሚሉት፣ በአንጻሩ ጠንካራ ነው። ለዚህ ነው ያረጀ በርበሬ ቀለሙ ደብዝዞ፣ ሽታው ጠፍቶ፣ ማቃጠሉን ግን የማይተወው። ወጡ ይፋጃል፤ አይጣፍጥም። ቀለሙ የደበዘዘ በርበሬ አይጎዳም። ወጡ ገረጣ ብለሽ ግን ሌላ ማንኪያ ስትጨምሪ ቤተሰቡን በእሳት ትቀጪዋለሽ።

የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። ሻጋታ።

በርበሬ ውስጥ ርጥበት ካለ የሻጋታ ዘር አያጣም። አንዳንዱ ሻጋታ አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ ያመርታል። ይህ መርዝ ጉበትን ይጎዳል፤ ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ለጉበት ካንሰር ያጋልጣል። አይታይም፣ አይሸትም። ወጥ ላይ ማቁላላትም አያጠፋውም። የአውሮፓ ኅብረት በአንድ ኪሎ በርበሬ ውስጥ ከ10 ማይክሮግራም በላይ አፍላቶክሲን ከተገኘ አያስገባም። ማይክሮግራም የአንድ ግራም ሚሊዮንኛ ነው። እንዲህ ያለ ጥቂት ነገር ነው የሚፈራው። ስለዚህ የሻገተ በርበሬ ላይ «ከላይ ከላይ አንሥቼ» የሚባል ነገር የለም። ለዶሮም አይሰጥም። ዛላ ስትገዢም አገንጥለሽ ውስጡን እዪ። ግራጫ ወይም አረንጓዴ ብናኝ ያለበትን ዛላ ቅላቱ አያታልልሽ።

እንግዲህ የሁሉ ነገር ቁልፉ ድርቀት ነው። በደንብ የደረቀ በርበሬ ውስጥ ያለው ውሃ ከ10 እስከ 11 በመቶ አካባቢ ነው። ቤት ውስጥ ይህን የሚለካ መሣሪያ የለንም። ግን የደረቀ ዛላ ሲጨበጥ ኮሽ ብሎ ይሰበራል። ቆዳ እንደመሰለ የሚታጠፍ ከሆነ ገና ነው።

ሌላም ዘዴ አለ። እህል ለሚያከማቹ ገበሬዎች የሚመከር ነው፤ ለዛላም ይሠራል። ደረቅ የገበታ ጨው ምጣድ ላይ አሙቀሽ አቀዝቅዢው። ደረቅ የብርጭቆ ጠርሙስ ውስጥ ዛላውን እስከ ግማሽ ጨምሪና ሁለት ማንኪያ ጨው አክዪበት። ከድነሽ ነቅንቂው። ሩብ ሰዓት ቆይተሽ እንደገና ነቅንቂና ጨውን እዪው። ጠርሙሱ ላይ ከተጣበቀ ወይም ከተጓጎለ ዛላው ርጥብ ነው፤ ወደ ወፍጮ አይሄድም። ጨው የአየሩ ርጥበት ከ75 በመቶ ሲያልፍ ውሃ መሳብ ይጀምራል። ሻጋታም የሚደላው እዚያው አካባቢ ነው። ጨዋችን ምስክር ሆነ ማለት ነው።

ከዚህ አንድ ነገር ይከተላል፤ እናቶቻችን ላይወዱት ይችላሉ። በርበሬው ውስጥ ጨው አይግባ። አብሮ የተፈጨ ጨው ክረምት ላይ ውሃ ከአየር እየሳበ በርበሬውን ያረጥበዋል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ በርበሬ ሲጓጎል ያየ ሁሉ ምክንያቱን አይቷል ማለት ነው። ጨውን ወጥ ስትሠሪ ጨምሪው። ነጭ ሽንኩርቱና ዝንጅብሉም ተወቅጦ ሲገባ ውሃ ይዞ ነው የሚገባው። ድብልቁ ከመፈጨቱ በፊት እንደገና በደንብ መድረቅ አለበት። ዛላው ደርቆ ሽንኩርቱ ርጥብ ከሆነ የአንዱ ርጥበት የሁሉ ነው።

ወፍጮ ቤት ላይ የሚፈጸም ስሕተትም አለ። በርበሬ ከወፍጮ ሲወጣ ትኩስ ነው። ትኩሱን ፌስታል ውስጥ ካሰርሽው እንፋሎቱ ላብ ሆኖ ተመልሶ ይገባበታል። ቤት ወስደሽ ንጹሕ ጨርቅ ላይ፣ ጥላ ውስጥ ዘርግተሽ እስኪበርድ ጠብቂ። ካስነጠሰሽ ልክ እያደረግሽ ነው።

አሁን ወደ ዕቃው። ፌስታልን ተዪው። ስስ ፌስታል አየር ያስገባል፣ ሽታም ያስወጣል። አንድ ፌስታል በርበሬ ያለበት ቁም ሣጥን ስትከፍቺ የሚያውድሽ ሽታ ከበርበሬው ላይ የሄደ ነው። ጥንዚዛዋም ፌስታል ትበሳለች። ማሰሮም እናትሽ ቤት እንጂ አንቺ ዘንድ አይሆንም፤ ሸክላ ይተነፍሳል። የሚሻለው ክዳኑ ጠበቅ የሚል የብርጭቆ ጠርሙስ ነው። ባዶ የማርማላታ፣ የቡና፣ የማዮኔዝ ጠርሙስ አትጣዪ። አጥበሽ፣ ክዳኑንም ጭምር ፀሐይ ላይ አድርቀሽ፣ እስኪበርድ ጠብቀሽ ሙዪው። እስከ አፉ ሙዪው፤ ከላይ የሚቀረው ባዶ ቦታ አየር ነው። ክዳን ያለው የወተት ዱቄት ጣሳም ይሆናል። ብርጭቆ ብርሃን ስለሚያስገባ ካርቶን ውስጥ አስቀምጪው።

ውሃ የገዛሽበት ሃይላንድ ለጊዜው ይሠራል። አፉ ጠባብ ስለሆነ ግን ውስጡን ማድረቅ ከባድ ነው። እኔ ለሽሮ እንኳ አልወደውም።

የጫማ ካርቶን ውስጥ የምትገኘዋን ርጥበት የምትመጥ ትንሽ ከረጢት ደግሞ በርበሬ ውስጥ አትክተቺ። ለጫማ የተሠራች ናት።

ዋናው ምክሬ ግን ይሄ ነው፤ አንድ ትልቅ ዕቃ አይኑርሽ። በርበሬውን የአንድ ወር የአንድ ወር አድርገሽ ክፈዪው። አንዱ ይከፈታል፤ ሌሎቹ እንደታሸጉ ይቆያሉ። ባልዲ በተከፈተ ቁጥር ስምንቱም ኪሎ ነው አየር የሚያገኘው። ከወሩ ጠርሙስ ደግሞ ለሳምንት የሚሆን ትንሽ ዕቃ ሙዪና እሱን ምድጃ አጠገብ ያዢ። ከዕቃው በቀጥታ ድስት ላይ አትነስንሺ። የወጡ እንፋሎት ሽቅብ ወደ ዕቃው ይገባል። ማንኪያውም ደረቅ ይሁን፤ ሽንኩርት ሲያቁላላ የነበረ ማንኪያ በርበሬ ውስጥ አይገባም።

የት ይቀመጥ? ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ከላይ ያለው መደርደሪያ ምድጃ ነው በዪው። የፍሪጅ አናትም ሞቃት ነው። ሲሚንቶው ላይም አታስቀምጪ፤ ወለል ርጥበት አለው። ፀሐይ የማይመታው ግድግዳ ጥግ፣ ከመሬት በአንድ ስንዝር ከፍ ያለ ጣውላ ላይ ይሁን።

አሁን ፍሪጅ ትንሽ ናት ስላልሽው። አንቺ እኮ ደብረ ብርሃን ላይ አንድ ሙሉ ጓዳ የሚያህል ፍሪጅ አለሽ። መብራት አይፈልግም፣ ቆጣሪም የለውም። የእናትሽ ቤት! ለምን 8 ኪሎ በአንዴ ይወርዳል? በርበሬው እዚያው በብርድ ይቀመጥ። ሰው በመጣ ቁጥር ሁለት ሁለት ኪሎ ይምጣልሽ። ከተቻለ ደግሞ የዓመቱን ሁሉ አትፍጩት። ደርቆ የተዘጋጀ ዛላ ሳይፈጭ ሲቀመጥ ከዱቄቱ የበለጠ ቀለሙንም ሽታውንም ይይዛል። ዱቄት ብዙ ፊት አለው፤ አየሩ በየፊቱ ይበላዋል።

በርበሬ በረዶ ቤት ውስጥ ለማቆየት ከፈለግሽም ጥሩ ነው። አንድ ነገር ግን ተጠንቀቂ። እኔ ሙያዬ ሆኖ እንኳ የተሸወድኩበት ነው። አንድ ክረምት ላይ እንግዳ መጣብኝና በርበሬውን ከበረዶ ቤት አውጥቼ ወዲያው ከፈትኩት። የሚበቃኝን ወስጄ የተረፈውን መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኩ። ቀዝቃዛ ነገር ሞቃት አየር ሲያገኝ ያልበዋል። ከአሥር ቀን በኋላ ስከፍተው መሐሉ ተጓጉሎ ሻግቷል። ሁለት ኪሎ ነበር። እናቴ አልተነገራትም። ስለዚህ ከፍሪጅ ያወጣሽውን እንደታሸገ አሳድሪው፤ በማግስቱ ክፈቺው።

ሚጥሚጣና ሽሮም ሕጋቸው ይኸው ነው። ሚጥሚጣ ላይ ቶሎ የሚጠፋው የኮረሪማው ሽታ ነው። ኮረሪማን ከነቅርፊቱ ብታቆዪው ቅርፊቱ ይጠብቀዋል። ጥቁር አዝሙድ፣ ነጭ አዝሙድ፣ ድንብላል፣ አብሽ፣ ሁሉም ፍሬው ሁለት ሦስት ዓመት ይቆያል። ሲፈጭ ግን ወራት ነው። የቡና መፍጫ ወይም ሙቀጫ ካለሽ በየጊዜው ጥቂት ጥቂት ፍጪ።

ቅቤው።

ቅቤ የሚበላሸው በሁለት መንገድ ነው። አንዱ ከውሃ ነው፤ ሌላው ከአየርና ከብርሃን። ቅቤ ማንጠር ማለት ውሃውንና የወተቱን ርዝራዥ ማውጣት ነው። ካልወጣ የቀረው ላይ ተሕዋስያን ይኖራሉ። በደብረ ብርሃን ከፍታ ውሃ የሚፈላው 90 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ እንደ ባሕር ዳርቻው 100 አይደርስም። ስለዚህ ቅቤው ቶሎ ይንፈቀፈቅና የተነጠረ ያስመስላል። በሰዓት አትለኪው። ጆሮሽን ስጪው። መንጣጣቱ እየቀነሰ ዝም ሲል፣ አረፋው ሲጠፋ፣ ቅቤው ጠርቶ ታች ያለው አተላ ቡናማ ሲሆን ውሃው ወጥቷል። ከዚያ በንጹሕ፣ ደረቅ ጨርቅ ይጠለላል።

አሁን ያለሽን ፈትሺው። የቅቤ ስብ 32 እና 35 ዲግሪ መካከል ይቀልጣል። እናትሽ ዘንድ ዓመቱን ሙሉ ድርቅ ብሎ ነው የሚኖረው። አንቺ ዘንድ ቀን ይቀልጣል፣ ሌሊት ይረጋል። ውሃ ከቀረበት ሲቀልጥ ውሃው ታች ይወርዳል። በብርጭቆ ጠርሙስ አድርገሽ አቅልጪውና ታችኛውን በብርሃን እዪው። ታች ደመና የመሰለ ወይም ውሃማ ነገር ካለ ጥፋቱ ከማንጠሩ ነው። መጥፎ ሽታው ገና ቀላል ከሆነና ሻጋታ ከሌለው እንደገና አንጥሪና ቶሎ ተጠቀሚበት። ሻጋታ ካየሽ ወይም ሽታው ጉሮሮ የሚይዝ ከሆነ እንደገና ማንጠር አያድነውም።

ከጅምሩም ቅቤው ምን ነበር? ለጋ ነው ወይስ በሳል? በሳል ቅቤ ለወጥ የሚወድ ብዙ ሰው አለ፤ አልከራከርም፣ እኔም እወዳለሁ። ለማቆየት ግን ለጋ ነው። በሳሉ መንገዱን ጀምሯል። ኮረሪማው፣ ኮሰረቱ፣ በሶብላው ለሽታ ብቻ አይደሉም። ብዙዎቹ የቅቤ ቅመሞች ስቡ ከአየር ጋር ተዋሕዶ እንዳይበላሽ የማዘግየት ጠባይ አላቸው። እናቶቻችን ይሄን ስሙን ሳይጠሩ ያውቁታል።

ንጥር ቅቤውን ትንንሽ ጠርሙሶች ውስጥ እስከ አፋቸው ሙዪ። አንዱን ብቻ ክፈቺ፤ የተከፈተው ፍሪጅ ይግባ። ያልተከፈቱት ጨለማ ቦታ ይቆዩ።

ወደ ርጥቦቹ ልምጣ። ቦታ ያለው ፍሪጅ ካለሽ ለእነዚህ ነው የሚሰጠው።

አዋዜ ላይ ትንሽ ልቆጣ። ነጭ ሽንኩርት ያለበት አዋዜ ሠርቶ፣ ዘይት አልብሶ፣ መደርደሪያ ላይ ማቆየት የተለመደ ነው። «ዘይት ከላይ ካለ አይበላሽም» ይባላል። ሻጋታ ይከለክል ይሆናል። ግን አየር የሌለበት ቦታ የሚወድ ባክቴሪያ አለ፤ ቦቱሊዝም የሚባለውን መመረዝ የሚያመጣ። ዘሩ አፈር ውስጥ ነው የሚኖረው፤ ነጭ ሽንኩርት ደግሞ ከአፈር ይወጣል። ዘይት ሥር፣ ሙቀት ውስጥ፣ ኮምጣጣ ባልሆነ ነገር ላይ መርዝ ሊያመርት ይችላል። ብዙ ጊዜ አያጋጥምም። ሲያጋጥም ግን ትንፋሽ የሚያስቆም በሽታ ነው። ሽታውም ጣዕሙም ላያሳብቅ ይችላል። ጠጅ ወይም አረቄ ጠብ ማድረግም በዚህ ላይ አይታመንም።

ስለዚህ አዋዜሽን ለሦስት አራት ቀን ብቻ ሥሪ። ፍሪጅ ውስጥ ይዋል፤ ከአራት ቀን በላይ አይቆይ። ሎሚ ወይም አቼቶ መጨመር ይረዳል። ከበዛብሽ በረዶ መሥሪያው ላይ በጥቂት በጥቂቱ አድርገሽ አቀዝቅዢው፤ አንዷን ታወጫለሽ፣ ትጠቀሚያለሽ። ከሁሉ የሚቀለው ግን ደረቁን በርበሬና ቅመም አዘጋጅቶ ማስቀመጥና ነጭ ሽንኩርቱን ሲፈለግ መቀላቀል ነው።

ሰናፍጭ ሌላ ጠባይ አለው። ፍሬው ደረቅ እያለ አይሰነፍጥም። ሲፈጭና ውሃ ሲያገኝ ነው በውስጡ የነበሩ ሁለት ነገሮች ተገናኝተው አፍንጫ የሚወጋውን የሚፈጥሩት። ያ ጉልበት ደግሞ ይተናል። ዛሬ ያስለቀሰሽ ሰናፍጭ በሳምንቱ ልዝብ የሚለው ለዚህ ነው። መጀመሪያ በውሃ ብቻ አሽተሽ አሥር ደቂቃ ያህል ይሰንፍጥ። ከዚያ ሎሚ ወይም አቼቶ ጨምሪበት፤ ኮምጣጣው ጉልበቱን ይዞ ያቆይለታል። መጀመሪያ ላይ ከጨመርሽው ግን መሰንፈጡን ያፍነዋል። ክዳኑ ጠበቅ በሚል ብርጭቆ፣ ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጥ። ዱቄቱን ከማቆየት ፍሬውን አቆይተሽ በየጊዜው መፍጨት ይሻላል።

ስልጆ የምትሠሪ ከሆነ፣ መቼም ለሁዳዴ የሰሜን ሸዋ ሰው ስልጆ አይረሳም፣ እሱ በራሱ ኮምጥጦ የሚቆይ ነው። ኮምጣጣነቱ ይጠብቀዋል። ቆላ ላይ ግን በፍጥነት ስለሚቦካ እናትሽ የምትቆጥረውን ቀን አትቁጠሪ። በየቀኑ ቅመሺው። ኮምጥጦ ደስ ያለሽ ቀን ፍሪጅ አስገቢው።

ከሱቅ የሚገዙትን በአጭሩ ልለፍባቸው። ካችአፕ ኮምጣጣ ስለሆነ ከተከፈተ በኋላ ውጭ አንድ ወር ገደማ ይታገሣል። ፍሪጅ ውስጥ ስድስት ወር። ማዮኔዝ ከተከፈተ ፍሪጅ ነው፤ ሁለት ወር ይበቃዋል። ቤት የተሠራ፣ ጥሬ እንቁላል ያለበት ማዮኔዝ ከሦስት ቀን አይለፍ። አቼቶ ፍሪጅ አይፈልግም። ማርም አይፈልግም። ማር ቢረጋ አልተበላሸም፤ ክዳኑ ካልጠበቀ ግን ከአየር ውሃ እየሳበ ይቦካል። ልጅ ስትወልጂ ደግሞ ዓመት ሳይሞላው ማር እንዳታቀምሺው።

ጨው ፍሪጅ ባይፈልግም ክዳን ይፈልጋል። አገራችን ጨው በአዮዲን እንዲበለጽግ ደንብ ያወጣችው በ2003 ዓ.ም. ነው። ያ አዮዲን ርጥበት፣ ሙቀትና ፀሐይ ሲያገኘው ይሄዳል። ምድጃ ጥግ ክፍቱን የተቀመጠ ጨው ጨውነቱ ይቀራል፣ አዮዲኑ ግን እያነሰ ይሄዳል። ወጥ ውስጥም ሊወጣ ሲል ጨምሪው።

መብራት ሲጠፋ ፍሪጁን አትክፈቺ። ተዘግቶ ከቆየ አራት ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል። በውሃ የተሞሉ ሁለት ሃይላንዶች በረዶ ቤቱ ውስጥ ይኑሩሽ። መብራት ሲሄድ ወደ ታች አውርጂያቸው። ሃይላንዱን እስከ አፉ አትሙዪ፤ ውሃ ሲረጋ ይሰፋል።

ስለ ዘይት አልጠየቅሽኝም፤ ግን ከተጨመቀ ኑግ የምትገዢ ከሆነ ልንገርሽ። የኑግ ዘይት ቶሎ ከሚከርፉት ነው። በትንሽ በትንሽ ግዢው፤ ጨለማ ቦታ አኑሪው። በአሮጌ ዘይት ላይ አዲስ አትጨምሪ፤ አሮጌው አዲሱን ያበላሸዋል። ጀሪካኑ ከየት እንደመጣም እወቂ። አንቺ ያለሽበት አካባቢ በመስኖ ሽንኩርት የሚመረትበት ነው፤ የፀረ ተባይ መድኃኒት ዕቃ በየማሳው አለ። መድኃኒት የነበረበት ጀሪካን አሥር ጊዜ ቢታጠብም ለዘይትም፣ ለውሃም፣ ለበርበሬም አይሆንም። ፕላስቲኩ ራሱ መጥጦታል።

ነገ ጠዋት የምትጀምሪው ግን ከበርበሬው ነው። ንፊው፣ አንድ ኪሎውን በረዶ ቤት አስገቢው፣ የቀረው ጠርሙስ ውስጥ ገብቶ ተራውን ይጠብቅ። ባልዲውን በፈላ ውሃ አጥቢው፤ የመደርደሪያውንም ስንጥቅ በደረቅ ብሩሽ ጥረጊው፤ ጥንዚዛዋ እዚያም ትደበቃለች። ከዚያ ለእናትሽ ደውዪላት። የሚቀጥለው ጨው የሌለው ሁለት ኪሎ ይሁን በያት።